ሒሳቡን የሚያሳይ ፊልም፦ ስለ ሠራተኛ ቤተሰብ ፊልሞች እናውራ

የገንደ ቆሬ ልጅ | ሰኞ ማታ

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች።

ባለፈው ቅዳሜ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ የእንግሊዝ ፊልም አየን። ወንድሜ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ባጃጇ የሱ አይደለችም። ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል፤ የተረፈችው ለሱ ናት። ከተረፈችው ላይ ደግሞ ቤንዚን፣ ጎማና ቅጣት ይነሳል። ፊልም የማየት ልማድ የለውም። ማታ ሲገባ ደክሞት ራቱን እንኳ በቅጡ አይበላም። ይህን ግን እስከ መጨረሻው አየው። አንድም ጊዜ ስልኩን አልነካም።

ፊልሙ የኬን ሎች ነው፤ በ2019 የወጣ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ርዕሱ ወደኛ ሲመለስ «ይቅርታ፣ አላገኘናችሁም» እንደማለት ነው። ዕቃ አድራሹ ሰው ቤት ሲያጣ በር ላይ የሚተዋት ወረቀት ላይ ያለች ጽሑፍ ናት። ኒውካስል የሚኖር ሪኪ የሚባል አባት ዕቃ ማድረስ ይጀምራል። «ተቀጣሪ አይደለህም፣ የራስህ አለቃ ነህ» ይሉታል። የራሱ አለቃ ለመሆን ግን ቫን ያስፈልገዋል። ለቫኑ ቀብድ የሚስቱ መኪና ይሸጣል። ሚስቱ አቢ አቅመ ደካሞችን ቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ቤት የምትዞረው በአውቶቡስ ነው።

ወንድሜ እዚያች ላይ «መኪናዋን ሲሸጡ አለቀላቸው» አለ። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነበር። እኔ ምንም አልገባኝም። እሱ ግን ሒሳቡን ሠርቶ ጨርሷል። እሷ በአውቶቡስ ስትሄድ ቤት የምትገባው መሽቶ ነው። ልጆቹ ብቻቸውን ይውላሉ። ትልቁ ልጅ ይበላሻል። አባትየው ትምህርት ቤት ሲጠራ ሥራ መቅረት አለበት፤ መቅረት ደግሞ ቅጣት አለው። ልክ እንዳለው ሆነ።

ሾፌሮቹ በእጃቸው የሚይዟት መቆጣጠሪያ አለች። ፓኬቱን ታነባለች፣ ሰዓት ትቆጥራለች፣ የት እንደቆምክ ትናገራለች። ሪኪ ለሽንት የሚቆምበት ጊዜ ስለሌለው ጠርሙስ ይዞ ይዞራል። ወንድሜ ጠርሙሱን ሲያይ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ቦታው እንዳይወሰድበት ከባጃጇ ሳይወርድ ያደረበትን ሌሊት ነገረኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምንተኛው። እስከዚያ ቀን ግን ነግሮኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ማሰብ ጀመርኩ። በኛ ፊልሞችም ድሃ ቤተሰብ አለ። እናትየዋ ትታመማለች፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሙዚቃው ይገባል። መድኃኒቱ ስንት ብር እንደሆነ ግን ማንም አይናገርም። አባትየው ምን ሠርቶ ስንት እንደሚያገኝ አናውቅም። ኪራዩ ስንት ነው? ማን አበደራቸው? በመጨረሻ ሀብታም ልጅ ይመጣና ሁሉም ነገር ይፈታል። ድህነቱ የፍቅሩ ማጀቢያ ነው። እኔ የሚያስፈልገኝ ሒሳቡን የሚያሳየኝ ፊልም ነው። ሰውየው ለምን እንደተቆጣ የሚገባኝ ኪሱ ውስጥ ስንት እንደቀረ ሳውቅ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እንዲህ ያሉ ፊልሞችን የምታውቁ ጥቀሱልኝ። ግቢያችን ውስጥ ነጭ ግድግዳ አለ። ፕሮጀክተር የሚያውሰኝ ሰው አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ማታ ለሰፈሩ ሰው ማሳየት እፈልጋለሁ።

---

አሸዋ | ሰኞ ማታ

አቦ ፊልሙን በፍላሽ ስጠኝ። ነገ ቀፊራ ገበያ ነኝ።

---

የገንደ ቆሬ ልጅ | ሰኞ ማታ

ና ውሰድ። እናቴ ጫት የምትሸጥበት ጋ እተወዋለሁ።

---

ሸማንደፈር | ማክሰኞ ጠዋት

እኔ 71 ዓመቴ ነው። ያረጀሁት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ልጆቼ ናቸው ይህን ገጽ ያስለመዱኝ።

የድሬ ሰው ስለ ሠራተኛ ሲያወራ ሩቅ መሄድ የለበትም። ይህች ከተማ ራሷ የደመወዝ ልጅ ናት። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ታች ሜዳው ላይ አለፈ፤ በ1902 እዚህ ሲደርስ ድሬ ተወለደች። ከዚህ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1917 ፈጅቷል። በጣልያን ጊዜ ስሚንቶውና ጨርቃ ጨርቁ ተጨመሩ። ከዚራ በዛፍ ጥላ ስር የተደረደሩት ቤቶች የሐዲዱ ቤቶች ናቸው። ደመወዝ የወጣ ቀን መጋላ ገበያው ይደምቃል። ደመወዝ የዘገየ ቀን ደግሞ ሱቁም፣ ሻይ ቤቱም፣ ጋሪውም አብሮ ይቀዘቅዛል። ይህን በዓይኔ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። የልጅነታችን ሲኒማ የሕንድ ነበር። ዘፈኑን እየሰማን፣ ቋንቋውን ሳናውቅ እናለቅስ ነበር። አንዱን ግን በዚያ ዘመን አላየሁትም፤ ልጄ በቅርቡ በፍላሽ አመጣልኝ። «ዶ ቢጋ ዛሚን» ይባላል። ሁለት ቢጋ መሬት ማለት ነው፤ ቢጋ የመሬት መለኪያቸው ነው። ቢማል ሮይ በ1953 ያዘጋጀው ነው። ሻምቡ የሚባል ገበሬ አለ። ባለርስቱ መሬቱን ለፋብሪካ ይፈልገዋል፤ ገበሬው አልሸጥም ሲለው ዕዳህን አምጣ ይለዋል። ሻምቡ 65 ሩፒ የመሰለው ዕዳ መዝገብ ላይ 235 ሆኖ ይገኛል። ሦስት ወር ጊዜ ይሰጡታል። እሱም ልጁን ይዞ ካልካታ ይገባና በእግሩ እየሮጠ ሰው የሚጎትትበትን ሪክሾ ይይዛል። ልጁ ጫማ ይጠርጋል።

አየህ፣ አንተ የምትፈልገው ሒሳብ ያውልህ። 235 ሩፒ። ፊልሙን ሙሉ ያችን ቁጥር ይዘህ ነው የምትቀመጠው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሪክሾዎች ይሽቀዳደማሉ። ተሳፋሪው ገንዘብ እየጨመረ ፍጠን ይለዋል። ሻምቡ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ ጎማው ይወልቅና ይወድቃል። ሻምቡን የሚጫወተው ባልራጅ ሳህኒ ከቀረጻው በፊት ካልካታ መንገድ ላይ እውነተኛ ሪክሾ ጎትቶ ተለማምዷል። አሯሯጡ ላይ ይታያል።

ባጃጁ ከሕንድ ነው የመጣው። ለወንድምህ ይህንን አሳየው።

አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው ባቡር ከጅቡቲ ሲመጣ ውስጡ ሴቶች ነበሩ። ጨርቅ ወገባቸው ላይ፣ ደረታቸው ላይ፣ ከቀሚሳቸው ስር ጠምጥመው ይመጣሉ። ጣቢያው ላይ ፊናንስ፣ ኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪው፣ ይጠብቃቸዋል። የያዘችውን ካስገባች የልጆቿ ወር ይደፈናል። ከተወረሰባት ግን ጨርቁ በብድር ስለተገዛ ዕዳው ሁለት እጥፍ ይሆናል። ባቡሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ፊታቸውን አይ ነበር። ያ ፊት እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። በፊልም አላየሁትም። የሚሠራው ሰው እስኪመጣ የማስታውሰውን ሁሉ ለመናገር ዝግጁ ነኝ።

---

ሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ ማታ

እኔ አልስማማም። ነርስ ነኝ። ሌሊትም ቀንም የማየው ሒሳብ የጎደለበትን ሰው ነው። የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ወጥቶ ባዶ እጁን የሚመለስ አባት አያለሁ። ምን እንደሚል አስቀድሜ አውቃለሁ። «ነገ እገዛዋለሁ» ነው የሚለኝ። ቤቴ ገብቼ እሱኑ በስክሪን እንዳይ ነው የምትፈልጉት?

እናቴ የቃና ድራማ ታያለች። ትልልቅ ቤት፣ ባሕር፣ ያማረ ልብስ። አንድ ሰዓት ታርፋለች። ያችን ሰዓት ማንም እንዲወስድባት አልፈልግም።

ደግሞ እነዚህን ፊልሞች የሚሸልማቸው ማነው? ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰው ቆሞ ያጨበጭብላቸዋል። ሎች በ2016 ስለዚያ ታሞ የመንግሥት ድጎማ ስለተከለከለ አናጢ በሠራው ፊልም የካንን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ሰልፍ ላይ የቆመው አናጢ ምን ወሰደ?

---

መኪና ግርግር | ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ ያነሳሽው ትልቅ ነገር ነው። እንዲያውም ያንቺን ሐሳብ የሚያጠነክር አንድ ታሪክ ልንገርሽ፣ ከዚያ የኔን እነግርሻለሁ።

የጣልያኑን «የብስክሌት ሌቦች» ታውቁት ይሆናል። ቪቶሪዮ ደ ሲካ በ1948 የሠራው ነው። ሮም ውስጥ አንቶኒዮ የሚባል ሥራ ፈት አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ ግን በመያዣ ተይዟል። እሱን ለማስለቀቅ ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ገፍፋ ታስይዛለች። ሥራ በጀመረበት ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ ያለው አባትና ልጅ ሮምን ሲያስሱ ነው።

ለዚህ ፊልም አንድ አሜሪካዊ ፕሮዲውሰር ገንዘብ ልስጥ፣ ነገር ግን ኬሪ ግራንት ይጫወተው ብሎ ነበር። ደ ሲካ እምቢ አለ። ላምበርቶ ማጆራኒ የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ወሰደ። ሰውየው በዓለም ታወቀ። ከቀረጻው በኋላ ወደ ፋብሪካው ቢመለስ ግን ብዙ ሳይቆይ ከሥራ ተቀነሰ። ሥራ ያጣ ሰው የተጫወተው ሰው ሥራ አጣ። ስለዚህ ሽልማቱ ለሰልፈኛው አይደርስም ስትዪ እውነትሽን ነው።

አሁን የኔን ስሚኝ። ሐረር መኪና ግርግር ነው ያደግሁት። ለማታውቁት፣ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይሰፋ ነበር። አንድ ዓመት ወንድሜ ታመመና አባቴ መኪናውን በመያዣ ሰጠ። ለሁለት ወር ያህል መኪናው ከደጃፋችን ጠፋ። ሰው ሲጠይቀን «ለጥገና ሄዷል» በሉ ተባልን። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከሁሉም ደጃፍ ድምፅ ይሰማል፤ ከኛ ብቻ አይሰማም። ድህነት የኛ ቤት ብቻ ነውር ይመስለኝ ነበር። በዚያ መንገድ ማለፍ አፈርኩና በሌላ በር መዞር ጀመርኩ።

በዚያ ፊልም ውስጥ ማሪያ አንሶላዎቹን ካስረከበች በኋላ የሚመጣ አንድ ቦታ አለ። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ጥቅሉን ተሸክሞ መደርደሪያውን ይወጣል። ይወጣል፣ ይወጣል። እስከ ጣሪያው ድረስ የሌላ ሰው አንሶላ ተከምሯል። በመቶ የሚቆጠር ቤት። ማንም ምንም አይናገርም። ያን ሳይ ትልቅ ሴት ሆኜ ነው፤ ግን ያች የአሥር ዓመት ልጅ ናት ያየችው። አለቀስኩ፤ ግን የደከመኝ ለቅሶ አልነበረም። መኪናው የጠፋው ከኛ ደጃፍ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

እናትሽ ድራማዋን ትይ። እኔም አያለሁ። ይህንንም ግን አንድ ቀን አሳያት።

---

ሌሊት ተረኛ | ማክሰኞ ማታ

የአባትሽ መኪና ተመለሰ?

---

መኪና ግርግር | ማክሰኞ ማታ

ተመለሰ። እናቴ እቁብ ወጣላት።

---

ሳቢያን | ረቡዕ ማታ

እኔ ልብስ ፋብሪካ ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። ስጀምር ደመወዜ 1,900 ብር ነበር። ለሦስት አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ፍራሹ አንድ ነው፤ ፈረቃችን ስለሚለያይ ይበቃናል።

የዳርዴን ወንድማማቾችን አንድ ፊልም አይቻለሁ። ቤልጅየማውያን ናቸው። ፊልሞቻቸውን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ባደጉበት ሴሬን ውስጥ ነው፤ የብረት ፋብሪካ ከተማ ነበረች። ይህኛው በ2014 የወጣ ነው። «ሁለት ቀን፣ አንድ ሌሊት» ይባላል። ሳንድራ ታማ ከሥራ ቀርታ ነበር። ስትመለስ አለቆቿ ባልደረቦቿን አስመርጠዋል፦ ወይ እያንዳንዳችሁ 1,000 ዩሮ ጉርሻ ትወስዳላችሁ፣ ወይ ሳንድራ ትመለሳለች። ባልደረቦቿ 16 ናቸው። ሰኞ ድምፅ እንደገና ይሰጣል። ቅዳሜና እሑድ በየቤታቸው እየሄደች «ጉርሻችሁን ተዉልኝ» ብላ መለመን አለባት።

በሩን የሚከፍትላት ሁሉ የራሱ ሒሳብ አለው። አንዱ የልጁ የትምህርት ክፍያ አለበት። ሌላው ቅዳሜም ሌላ ሥራ ይሠራል። አንዱ ኳስ ሜዳ ላይ ቆሞ አፍሮ ያለቅሳል። ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ለዚህ ነው ያስጨነቀኝ።

እኛ መስመር ላይ አንዲት ልጅ አለች። አራስ ናት ማለት ይቻላል። ልጇ ታሞባት ሁለት ቀን ቀረች። ኮታው አልሞላም፤ የመስመሩ ቦነስ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገርናትም። ምሳ ስንበላ ጀርባችንን ሰጠናት። እኔም ሰጥቻታለሁ። ለቤት ልልከው ያሰብኩት ብር ስለነበር ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት በእሷ ነው፤ ኮታውን ባወጣው ሰው አልነበረም።

ያን ፊልም ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሳንድራ አንዱን በር ስታንኳኳ የዚያችን ልጅ ፊት አየሁ። በነጋታው ከሥራ መልስ ቤቷ ሄድኩ። ገንፎ አገነፋሁላት። ስለ ቦነሱ አንድም ቃል አላወራንም።

---

ጀጎል ካሜራ | ሐሙስ ጠዋት

ሳቢያን፣ ያንቺን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ሠርግና ምርቃት በመቅረጽ ነው የምተዳደረው። ፊልም መሥራት ግን የልጅነት ሕልሜ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ አሠራሩ ነው፤ ምክንያቱም ሁሌ «ገንዘብ የለም» ስንል እሰማለሁ።

ቻርልስ በርኔት የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አለ። «በግ አራጁ» ብለን የምንጠራውን ፊልም በ1970ዎቹ ዩሲኤልኤ፣ ሎስ አንጀለስ ያለው ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪ ሆኖ ሠራ። የወጣበት ከ10,000 ዶላር ያነሰ ነው። ቅዳሜና እሑድ ነበር የሚቀርጸው። ተዋናዮቹ በብዛት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ ውስጥ ስታን የሚባል አባት ቄራ ይሠራል፤ ቤት ሲገባ እንቅልፍ አይወስደውም። ታሪኩ ይኸው ነው። ስታንና ጓደኛው ያገለገለ ሞተር ይገዛሉ። በስንት መከራ ደረጃ አውርደው ፒክአፕ ላይ ይጭኑታል። መኪናው ሲነሳ ሞተሩ ይወድቅና ይሰበራል። ትተውት ይሄዳሉ። ያን ያህል ነው። ግን የስታን የደመወዝ ቀን ነበር። ገንዘቡ እዚያ አስፋልት ላይ ቀረ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። በዚያው ጊዜ እዚያው ዩሲኤልኤ የተማረ የኛ ሰው አለ፤ ኃይሌ ገሪማ። ጎንደር የተወለደ። ያው ዋትስ ውስጥ ስለምትኖር፣ በድጎማ ልጇን ስለምታሳድግ ድሃ እናት «ቡሽ ማማ»ን ሠራ። ካሜራውን ከያዙት አንዱ በርኔት ነው። ኃይሌ በ1970ዎቹ አጋማሽ አገር ቤት መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር፣ በሁለት ሳምንት ቀረጸ። ስለ ባለርስትና ጭሰኛ ነው። ካሜራው የሰዎቹን ሥራ ቆሞ ያያል። ሲያርሱ ያርሳሉ፣ ሲሸከሙ ይሸከማሉ፤ አይቸኩልም። እኛ ፊልም ውስጥ ሰው ሥራ ሲሠራ የምናየው ለአምስት ሰከንድ ነው። ከዚያ ስልክ ይደወላል።

ሌላው ቋንቋ ነው። የኛ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሶማሊኛ በአንድ ምሳ ላይ ይነገራሉ። አባባ ለሚባል ሽማግሌ «አንተ» እንላለን፤ ፍቅር ነው፣ ማንም አይቀየምም። ፊልም ላይ ግን ሁሉም ሰው የአዲስ አበባ አማርኛ ነው የሚናገረው። ሎች የሰሜን እንግሊዝ ሰው በሰፈሩ አነጋገር እንዲናገር ይተወዋል። በ1991 ስለ ግንባታ ሠራተኞች የሠራው ፊልም አሜሪካ ሲታይ እንግሊዝኛው ራሱ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታጅቦ ነበር። አላፈረበትም። እኛ ለምን እናፍራለን?

ስለ ሐረርና ስለ ጫቷ ደግሞ «ፋያ ዳዪ» አለ። ጄሲካ በሽር ናት የሠራችው፤ ሐረር ያደገች። በ2021 ሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። ለአሥር ዓመት ያህል ነው የቀረጸችው። ቅዳሜ እሱን አሳይ።

---

አሸዋ | ሐሙስ ከሰዓት

«ፋያ ዳዪ» ያምራል፣ አልክድም። ጥቁርና ነጩ፣ ጭሱ፣ ውኃው። ግን ህልም ነው። እኔ አወዳይ ጫት ገበያ ጫት ጭኛለሁ። ሌሊት ነው የሚጫነው። ዙርባው፣ የታሰረው ጫት፣ እንዳይጠወልግ ትሮጣለህ፤ ከረፈደ ዋጋው ይወድቃል። የጫኝ እጅ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚውለው። ክፍያው ስንት እንደሆነ ፊልሙ ነግሮኛል? አልነገረኝም። የገንደ ቆሬ ልጅ ያለው ሒሳብ የለበትም።

---

መኪና ግርግር | ሐሙስ ማታ

አሸዋ፣ ያንን ቦታ እንደገና እየው። ጫቱን የሚለዩትንና የሚያስሩትን ሰዎች እጅ ለደቂቃዎች ነው የምታየው። ደግሞም ያ ልጅ አባቱ ቅሞ ሲቆጣ ዝም የሚለው፣ ባሕር ተሻግሮ ስለመሄድ የሚያስበው፣ እሱስ ሒሳብ አይደለም? አንዳንዱ ቤት ውስጥ ሒሳቡ በብር አይነገርም። ማን ሄደ፣ ማን ቀረ ብለህ ነው የምትቆጥረው። ወላሂ እኛ ቤት እንደዚያ ነው።

---

አሸዋ | ሐሙስ ማታ

እሺ። እንደገና አየዋለሁ።

---

የገንደ ቆሬ ልጅ | ዓርብ ጠዋት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሸማንደፈር፣ ያልከው የባቡር ሴቶች ታሪክ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞርብኝ አደረ። ጀጎል ካሜራ ቁጥርህን በግል እንዲያገኝ አድርጌአለሁ። ድምፅህን ይቅረጽ። ፊልም ባይሆን እንኳ ድምፁ ይቀመጥ።

ለነገ «የብስክሌት ሌቦች»ን መርጫለሁ። 89 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሕፃናትም ያዩታል። ጽሑፉን ማንበብ የማይችል ብዙ ሰው ስላለ እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት ቆሜ እየተረጎምኩ ነው የማሳየው። ሙቀቱ እስኪበርድ 2 ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ምንጣፍ ይዛችሁ ኑ። መብራት ከጠፋ ጎረቤት ጄኔሬተር አለ፤ ቤንዚኑን እኛ እንሞላለን።

---

የገንደ ቆሬ ልጅ | እሑድ ከሰዓት

ተደረገ። ወደ 40 ሰው መጣ። መብራት አንዴ ብቻ ሄዶ መጣ።

ብስክሌቱ የተሰረቀ ጊዜ ልጆቹ ሁሉ «ያዘው!» ብለው ጮኹ። ሌባውን ለመያዝ ግድግዳውን የነካም ነበር። አባትየው ልጁን በጥፊ ሲመታው ግቢው ጸጥ አለ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የምግብ ቤቱ ቦታ ነው። አባትየው ተስፋ ቆርጦ «ምን ይሆናል፣ እንብላ» ብሎ ልጁን ምግብ ቤት ያስገባዋል። ጥቂት ከሳቁ በኋላ ለልጁ እርሳስ ይሰጠውና ሒሳብ ያሠራዋል። ያጣውን ደመወዝ ነው የሚደምሩት። 12,000 ሊሬ መደበኛ፣ 2,000 የትርፍ ሰዓት፣ በዚያ ላይ የቤተሰብ አበል። እኔ ቁጥሮቹን እየተረጎምኩ ሳለሁ ከኋላዬ ሰው አብሮ መደመር ጀመረ። ድምፅ አውጥተው ነው የሚደምሩት። ወንድሜ ከሁሉም ቀድሞ ጨረሰ። «በዚህ ደመወዝ ብስክሌቱን ፈልጎ እስከ ሌሊት ቢዞር አይፈረድበትም» አለ።

መጨረሻው ላይ አባትየው ራሱ የሰው ብስክሌት ሲወስድ ማንም አልተናገረም። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ጥበቃ «ልጁ ባያየው ጥሩ ነበር» አሉ። ያን ብቻ። ልጁ አይቶታል።

እናቴ ከገበያ ዘግይታ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር ያየችው። የደረሰችው አንሶላዎቹ ሲገፈፉ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙን ሙሉ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «አንሶላዎቹስ?» ብስክሌቱ ሲሰረቅ፣ «አንሶላዎቹስ?» ሌባው ሲገኝ፣ «አንሶላዎቹን አስመለሱ?» ሲያልቅም ጠየቀችኝ። ፊልሙ አይናገርም አልኳት። «የሴትየዋ የሠርግ አንሶላ ይሆናል» አለች። እኔ ይህን ፊልም አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንሶላዎቹን ግን እኔም እንደ አንቶኒዮ ረስቻቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጫቷን እያሰረች እንደገና አነሳችው። የአያቴን ጋቢ በዕዳ ሰጥታ ያላስመለሰችበትን ዓመት ነገረችኝ። ስንት ብር እንደነበርም ነገረችኝ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የሷ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሪክሾውን እናያለን። ጋሼ ሸማንደፈር መጥተህ ከፊልሙ በፊት ትናገራለህ።

---

ሸማንደፈር | እሑድ ማታ

እመጣለሁ። ሁለት የድሮ ባልደረቦቼንም ይዤ እመጣለሁ። ወንበር አያስፈልገንም፣ የራሳችንን እናመጣለን።

---

ሌሊት ተረኛ | እሑድ ማታ

ቅዳሜ ተረኛ አይደለሁም። እናቴን ይዣት ልመጣ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ምንጣፍ ላይ መቀመጥ አትችልም። ለሷ የሚሆን ወንበር ይገኛል?

---

የገንደ ቆሬ ልጅ | እሑድ ማታ

ይገኛል። ከእናቴ ጎን አስቀምጥላታለሁ።